በጅራቷ ያነሳኋት እናት

ለምወድሽ እማዬ፣

ሰላምታዬ ከደጅ ጀምሮ እስከ ጓዳ ይግባልኝ፤ አንቺን ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንገትሽ ሥር ገብቶ ይሳምልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም "ደህና ነኝ" እያልሽ ታታልያቸዋለሽ? የአባዬስ ሳል? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ሰሞኑን ግን አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ራሴው ልንገርሽ ብዬ ነው።

አይጥ ባየሽ ቁጥር መጥረጊያ የምታነሺው እናቴ፣ ልጅሽ በምርምር ቤት አይጥ አሳዳጊ መሆኗን እስካሁን ለጎረቤት እንዳልተነፈስሽ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ከተራዎቹ አይጦች ክፍል ወደ እሾሃማዎቹ አዛወሩኝ። ጀርባቸው እንደ ጫማ ብሩሽ ነው። ተራዋ አይጥ ስትወልድ ስምንት አሥር ታዘንባለች፤ ቀያይ፣ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው የተጣበቀ፤ ለመግለጥ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እሾሃማዋ ግን አርባ ቀን ያህል ተሸክማ ሁለት ወይ ሦስት ትወልዳለች፤ ልጆቹም ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይመጣሉ፤ በዕለቱ ይራመዳሉ። እሾሁ የሚወጣው ኋላ ነው፤ ይህንንስ ፈጣሪ ለእናትየዋ አዝኖ ነው።

ተራዋን አይጥ ሳጥን ስንቀይርላት ጅራቷን ከሥሩ ይዘን እናነሳታለን። እሾሃማዋ ግን በሁለት እጅ ታፍሳ ነው የምትነሳው፤ ጠላት ጅራቷን ከያዛት ቆዳውን ጥላለት ታመልጣለች። ተነግሮኝ ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን አደረገ። ሰኞ ጠዋት ገና ሁለት ልጆች የወለደችውን እናት ላዛውራት ብዬ ጅራቷን ያዝኩ። ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ ጣቴ ላይ ቀረ። እማዬ፣ እስካሁን ይዘገንነኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ እናትየዋን ሊያክማት ወሰዳት፤ መድኃኒት ስለምትወስድ ማጥባት አትችልም አለ። አለቃችን "ማነው በጅራቷ ያነሳት?" ብሎ ጮኸ። በክፍሉ የነበርነው እኔና ጭምቷ ብቻ ነን። ጭምቷ የምንላት የሥራ ጓደኛዬ በቀን አራት ቃል ከተናገረች ብዙ ነው። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ እሷም እንደ ልማዷ ዝም አለች። ዝምታዋ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጠረባትና ሳጥን ማጠቢያ ተላከች፤ "ልጆቹ ከሞቱ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቤትሽ!" አላት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። አይጧን ሳነሳት ጭምቷ ዐይታኛለች፤ ማየቷንም አውቃለሁ።

ሁለቱን ጨቅላዎች እኔ ተረከብኩ። ሞቅ ያለ ጨርቅ አለበስኳቸው፣ በቀለም ብሩሽ ጫፍ ወተት አንጠባጠብኩላቸው። አፋቸውን ያርሱበታል እንጂ አይውጡትም። የተራዋ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ አያዩኝም ነበር፤ እነዚህ ግን ፍጥጥ ብለው ያዩኛል። ማክሰኞ ትንሿ ክብደቷ ቀነሰ፤ መራመዱን ትታ ጥግ ላይ ኩምትር አለች።

ጭምቷ ባዶ ሳጥን ልትወስድ ገብታ አየቻት። አገጯን ወደ ጎኑ ሳጥን ቀሰረች፤ እዚያ ሦስት ቀን ቀድማ የወለደች ሌላ እሾሃማ እናት አለች። ደነገጥኩ፤ ተራዋ አይጥ እኮ የማታውቀውን ልጅ ልትበላው ትችላለች። "እነዚህ የጎረቤት ልጅ አይለዩም" ብላ የቀኑን ድርሻዋን ጨርሳ ወጣች።

አስገባኋቸውና እጄን ሳጥኑ አፍ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ልትነክስ ስትል ልነጥቃት። እናትየዋ መጣች። ትንሿን አሸተተች፣ በአፍንጫዋ ገለበጠቻት፣ አፏን ከፈተች፤ እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ሆዷን ትልስላት ጀመረች። ትንሿም ሥሯ ተሸጉጣ መጥባት ያዘች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ሚዛን ላይ ጨምረው ተገኙ። አለቃችን ሁላችንንም ሰብስቦ አመሰገነኝ፤ "አንዷ ታጠፋለች፣ አንዷ ታለማለች" አለ። ጭምቷ በሩ ላይ ሳጥን ታቅፋ ቆማ ነበር። "ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ሞግዚቷንም ያገኘችላቸው እሷ ናት" አልኩ። አለቃችን ፊቱ ጠቆረ፤ እሷ ወደ ክፍሉ እኔ ወደ ማጠቢያው እንድንሄድ አዘዘ። እሾሃማዎቹን ዳግመኛ እንዳልነካ።

ጭምቷ ሽርጧን ፈትታ ስታቀብለኝ "አራት ቀን ፈጀብሽ" አለችኝ። ሽርጡን አሰርኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን ሳሉ ሲሻለው ንገሪው። ታላቅ ወንድሜን፣ ነፍሰ ጡሯን ሚስቱንም በየስማቸው፤ ከባድ ነገር እንዳታነሳ። አክስቴን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ግን እንዳታነቢላት፣ እስከ ማታ ሰፈሩን ታዳርሰዋለች። ለድመቷ ሥራዬን አትንገሪያት።

ልጅሽ፣
ከማጠቢያው ክፍል አግዳሚ ላይ፣
ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ጥቅምት ፱ ቀን