ወደ እናቴ መሬት የሚወስዱት ሊንኮች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ወጣ! ዛሬ ጠዋት የጓደኛዬ የትዕግስት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የጀማልን እንግዳ ማረፊያ ስም መፈለጊያው ላይ ብጽፍ፣ ከራሱ ማስታወቂያ ቀጥሎ የእኔ ገጽ መጣ። ርዕሱም እንዳለ፦ «ማረፊያው የቆመበት የእናቴ መሬት»። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

ስንት ወር ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር። እኔ ራሴ አድራሻውን ሙሉ ካልጻፍኩ አላገኘውም። ድረ ገጼን የከፈትኩት ባሌን ለሚጎበኙ ሰዎች ነው፤ ስለ ሳነቴ ብርድ፣ ስለ ሪራ ማር፣ ፈረስ የት እንደሚከራይ። ያ ሁሉ ይነበባል። የእናቴ ገጽ ግን ብቻውን ነበር፤ ከየትኛውም ገጽ ወደ እሱ የሚወስድ ሊንክ አልነበረም። መፈለጊያውም እንደ ሰው ነው፣ መንገድ ወዳልወጣለት ቤት አይሄድም።

መጀመሪያ በንዴት በየገጹ ግርጌ «እዚህ ይጫኑ» እያልኩ ለጠፍኩት። የቀይ ቀበሮው ገጽ ላይ ሳይቀር። ትዕግስት ሳቀችብኝ። «አንቺ፣ ስለ ቀበሮ የሚያነብ ፈረንጅ የእናትሽ መሬት ምን ያደርግለታል?» እውነቷን ነው። ሁሉንም አነሳሁና በሚገባው ቦታ ብቻ አስገባሁ። «ሮቤ የት ይታደራል» የሚለው ውስጥ። «ከሮቤ ወደ ጎባ» የሚለው ውስጥ። ስለ ሲናና ገብስ የጻፍኩት ውስጥም፣ እናቴ እዚያው መሬት ላይ ገብስ ታበቅል ስለነበር። «እዚህ ይጫኑ» ቀርቶ ሊንኩ ራሱ ምን እንደሚገኝበት እንዲናገር አደረግኩ፦ «ማረፊያው የተሠራበት መሬት እንዴት እንደተወሰደ»። መግቢያው ገጽ ላይ ደግሞ በትልቁ።

እና ወጣ። እንግዲህ ጀማልም ያየዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። «ዘይነባ ነሽ?» «ማን ልበል?» ዘጋው። ከምሳ በኋላ ደገመው።

ስሜንና ስልኬን ከየት አመጡት እላለሁ፤ ገጹ ሥር የጻፍኩት እኔው ነኝ! ስሜን ሳልደብቅ እናገራለሁ ብዬ ነበር። መናገሩ ቀላል ነበር።

የሚያስፈራኝ፦
እናቴ። ካሰሩኝ ብቻዋን ናት።
ትዕግስት። የንግድ ፈቃዷን ይነጥቋታል።
በጻፈው ነገር የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ሲወጣ ድምፁ ሌላ ሆኖ ነበር።
ጽሑፉ ውስጥ ውሸት ካለ። ደጋግሜ አነበብኩት። የለም። መሬቱ «ለልማት» ተብሎ ተወሰደ፣ ልማቱ የጀማል ማረፊያ ሆነ። እኔ አቤቱታ ስጽፍ ከመሥሪያ ቤቴ «በሥነ ምግባር ጉድለት» ተባረርኩ። የኮምፒውተር ዲግሪዬን ይዤ ቤት ተቀመጥኩ። ይኸው ነው፣ አልጨመርኩም።

ጽሑፉንና ፎቶዎቹን በፍላሽ ገልብጬ የገብስ ጆንያ ውስጥ ሸጎጥኩ። ከዚያ አይጥ ይበላዋል ብዬ አወጣሁት። ፍርሃት ሰውን ያጃጅላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጀማል ራሱ መጣ። ከገበያ ስመለስ መኪናውን አጠገቤ አቆመና መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ቁጣ የለውም፣ ፈገግ ብሏል። ያ ነው ያስፈራኝ።

«የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ሥራ ከፈለግሽ ለምን እኔ ጋ አትመጪም?»

«የተጻፈው ውሸት ከሆነ የቱ እንደሆነ ይንገሩኝና አርመዋለሁ» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለዚህ ለራሴ አንድ ነጥብ።

«እኔማ ምን አገባኝ። አንቺን የሚጠይቁሽ ስለ እኔ አይደለም። የመንግሥትን ስም አጥፍታለች ነው የሚሉት። ያን ጊዜ እኔም ላስጥልሽ አልችልም።» ከዚያ መስታወቱን ሊዘጋ ሲል፦ «እናትሽ እንዴት ናቸው? ደም ግፊቱ ተሻላቸው?»

ደም ግፊቷን ማን ነገረው?

መኪናው ከሄደ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር አቧራውን እያስነሳ አለፈ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ አልሰማሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሽማግሌ ላከብን። ሐጂ ዑመርና ሌሎች ሁለት አባቶች። ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ ቀብሩ ላይ እንደ ልጅ የያዙኝ እሳቸው ናቸው። ጀማል ማንን መላክ እንዳለበት ያውቃል።

ዱዓ አደረጉ፣ ስለ አዝመራው ተጠያየቁ። እናቴ ጓዳ ጠራችኝና ክንዴን ያዘች። «ይህ ቤት ሽማግሌ ባዶ መልሶ አያውቅም። አባትሽ ቢኖርም አይመልስም።» ዓይኗ ግን መሬቴን አትሽጪብኝ የሚል ይመስል ነበር። ወይ እኔ ነኝ እንደዚያ ያነበብኩት።

ሐጂ ስልኬን ተቀብለው አርቀው ያዙት። «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር የተሰቀለው የት ነው?» መግቢያው ገጽ ላይ ያለውን ትልቁን ርዕስ አሳየኋቸው።

«ይህ እንግዲህ ደጃፍ ነው።»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ከደጃፍ አንሺልን። ሰውየው ይህን ነው የለመነን፤ በሩ ላይ ማረፊያዬን አየሁ ነው ያለው።»

«ከደጃፍ አነሳለሁ። ጽሑፉን ግን አላጠፋም። ደግሞ ከሌሎች ገጾችም ወደዚያ የሚወስድ...»

እጃቸውን አነሱ። «የጠየቅሁሽን መለስሽልኝ። ያልጠየቅሁሽን አትንገሪኝ።»

አንደኛው አባት ሊናገሩ ሲሉ ሐጂ «ሰምተናል፣ ጨርሰናል» ብለው ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ሲወጡ ጫማቸውን አቀረብኩላቸው። ቀና ብለው አላዩኝም፤ ግን ትከሻዬን ተደግፈው ሲነሱ ጠበቅ አደረጉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ርዕሱን ከመግቢያው ገጽ አነሳሁ። ቃል ቃል ነው። ገጹን መፈለጊያው ላይ ከፍ ያደረገው ዋናው ጉልበት ግን እሱ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚጎበኘው ገጽ መግቢያው ነው። የቀሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ ማደሪያው፣ መንገዱና ገብሱ።

ከጁምዓ በኋላ ጀማል የላከው ሰው ትዕግስት ጋ ሄዶ መግቢያውን አስከፈተ። ከላይ እስከ ታች አየ። «የለም» አለ፣ ስልክ ደውሎም «የለም ጌታዬ፣ ተነስቷል» አለ። ለእነሱ ድረ ገጽ እንደ ሱቅ ነው፣ በሩ ላይ ካልተሰቀለ ውስጥም የለም። ትዕግስት እየሳቀች ስትነግረኝ እኔ አልሳቅሁም። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ተኝቶ ያነበዋል፣ ጠዋት ባለቤቱን ይጠይቀዋል። ያን ጊዜ ሽማግሌ አይልክም።

ሌሎች ገጾች ላይ ልጨምር ብዬ ተነስቼ ተውኩት። የማር ገጽ ውስጥ የእናቴ መሬት ምን ይሠራል? ያለ ቦታው ከገባ ማንም አያምነኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወርዷል። የጀማልን ማረፊያ ስም ስፈልግ የእናቴ ገጽ ከሁለተኛነት ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ። ሰኞ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል ብዬ ከትዕግስት ቤት እያለቀስኩ ወጣሁ። ማልቀሴ አናደደኝ።

ቤት ስደርስ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። እናቴ አየችኝ፣ እኔ ስልኩን አየሁት። አነሳሁት።

ሴት ናት፣ በዕድሜ የገፋች። ከጎባ። ልጇ ለእንግዶች አልጋ ሲፈልግ «ሮቤ የት ይታደራል» የሚለውን ሲያነብ፣ መሀሉ ላይ ያለውን ሊንክ ተከትሎ የእናቴ ገጽ ውስጥ ገብቷል። ለእሷም አነበበላት።

«ልጄ፣ የእኔንም እንዲሁ አድርገው ነው የወሰዱት። ያው ልማት ብለው። እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።»

ልጽፍልዎት እችላለሁ አልኳት። የእርስዎ ገጽና የእናቴ ገጽ አንዱ ወደ አንዱ ይወስዳል፤ ነገራቸው አንድ ስለሆነ በቦታው ነው። ከዚያ ፍርሃቴ መጣና «ስምዎ ባይኖርበትም ይሆናል» አልኳት።



«ያንቺ ስም አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው የእኔንም ጻፊ።»

ሰኞ ጎባ እሄዳለሁ። የምሄድበትን ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ካልተመለስኩ መጀመሪያ ማን ቤት ሄዳ እንደምትጠይቅም ነግሬያታለሁ። ሐጂ ዑመር ቤት።