ጅራቱ ወዴት ይወዛወዝ ነበር

ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2001

የልጄ ልጅ በሰው ፊት ውሸታም አደረገችኝ። ማለሳለስ አያስፈልግም።

ትናንት ከጁምዓ በኋላ እዚሁ ወደብ ከተማው፣ ካርቲየ 1 ሰፈር፣ እቤቴ፣ እንደ ወትሮው ለጫት ተቀምጠናል። ሾፌሩ ሽፈራው ጭነት ሊያነሳ ከአዲስ አበባ መጥቷል። "ጋሽ ዩሱፍ፣ ያንን ዓሣ ነባሪ እስቲ ይድገሙልን" አለ። ደገምኩ። ሠላሳ ዓመት ስናገረው የኖርኩት ነው፤ በጀልባ ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ታጁራ ስሻገር ሰማያዊውን ዓሣ ነባሪ በቅርብ አየሁት።

ሐያት ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ረቡዕ ክፍል ፊት ወጥታ ስለዚሁ ፍጥረት ትናገራለች። ርዕሱን የመረጠችው በእኔ ወሬ ነው።

"አባባ፣ ጅራቱ ወዴት ነበር የሚወዛወዘው?"

"ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።"

"ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነበረው?"

"እንደ ጅግራ!" አልኩ፣ ኮርቼ።

"እንግዲያው ዓሣ ነባሪ አይደለም። በየዓመቱ በዚህ ወራት እዚህ የሚመጣው ትልቁ ሻርክ ነው።"

ሽፈራው ትራሱ ላይ ተንከባለለ። "ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት በሌላ መኪና ሊብሬ ነው የነዱት!"

ሁሉም ሳቁ። ባለጌ ብዬ አስወጣኋት። መጻሕፍቴንም እንዳትነካ ከለከልኩ።

እሑድ

አልመጣችም። እዚህ እሑድም ትምህርት አለ፤ ሌላ ጊዜ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ እኔ ነው። አባቷ፣ ልጄ፣ ከሚኖሩበት ሰፈር ከሆዳን ደወለ። "አባዬ፣ ልጅቷ ምሳ አልበላም አለች።"

"ትራብ" ብዬ ዘጋሁት።

መሳሳቷን ላረጋግጥ ትልቁን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ አወረድኩ። ፈረንሳይኛ ማንም አላስተማረኝም። ወደብ ላይ ጭነት እየቆጠርኩ፣ ከመዝገበ ቃላት ነው የለቀምኩት። እንዲህ ይላል፦

ርዝመቱ እስከ ሠላሳ ሜትር። የሽፈራው መኪና ከነተሳቢው አይደርስበትም።

ክብደቱ እስከ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኩንታል።

ጥርስ የለውም። ከላይኛው መንጋጋው እንደ ብሩሽ በተንጠለጠለ ነገር ውሃውን ያጠልላል። ምግቡ ሽሪምፕ የምትመስል፣ ከጣት የምታንስ ፍጥረት ናት። በቀን አርባ ኩንታል ያህል ይውጣል።

የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። ብቅ ሲል ትንፋሹ እንደ ጉም ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ያየሁት እንዲህ አላደረገም።

ጅራቱ ወደ ላይና ወደ ታች ነው።

መጽሐፉን ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩ። ያው ነው።

ግልገሉ ስድስት ሰባት ወር ይጠባል፣ ከእናቱ ጎንም አይለይም ይላል። ይህን ሳነብ በሩን አየሁ።

ሰኞ

ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ። ወደ ታጁራ በተሻገርኩበት ቀን ጀልበኛው ነግሮኝ ነበር። ሽማግሌ አፋር ነው። "ሻርክ ነው፤ ሰው አይነካም፣ አትፍራ" አለኝ። እኔ ደግሞ "ማንበብ እንኳ የማትችል፣ አንተ ምን ታውቃለህ?" አልኩት። ሸራውን ማስተካከል ቀጠለ።

ስለዚህ አውቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለተናገርኩት ማወቄን ረሳሁት። ውሸታም ያደረገችኝ ሐያት አይደለችም።

ያን ሰው ይቅርታ ልጠይቀው አልችልም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ማክሰኞ

መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሆዳን ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ የማንንም በር አንኳኩቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ከደጃፉ ተመለስኩ። ጎረቤቶች አይተውኛል።

የከፈተችው ሐያት ናት። ፊቷን አላየሁም። "መሃሉ ላይ ወረቀት አለ" ብዬ ሰጠኋት። የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው፦ ያየሁት ሻርክ ነው። ያኔም ተነግሮኝ ነበር።

አነበበችው። "አባባ፣ ግባ እንጂ።"

"አልገባም" አልኩ።

ገባሁ። ምሳ አብረን በላን።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች፤ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ክፍል ፊት ያለችውን ነገረችኝ፦ "አያቴ ጅራቱንና ነጠብጣቡን በትክክል ስለያዘ ነው ሻርክ መሆኑን ያወቅነው።" መምህሩ "አያትሽ ጥሩ ዐይን አላቸው" አላት።

ስድብ ይሻለኝ ነበር። ዐይንስ ነበረኝ። የጎደለኝ ጆሮ ነው።

ዓርብ

የሽፈራው ጭነት ገና አልደረሰም። ዛሬም ከጫቱ ጋር መጣ። ገና ሳይቀመጥ "ጋሼ፣ ሻርክዎ ደህና ነው?" አለ።

"ሻርክ ነው" አልኩ። "ጀልበኛው ነግሮኝ ሰደብኩት። ልጅቷ ልክ ናት፤ ባለጌው እኔ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ሽፈራው ጫቱን አስቀመጠ። "ኧረ ጋሼ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው።"

"እኔ ለጨዋታ አይደለም። ሐያት፣ ነይ ግቢ። እውነተኛውን ንገሪያቸው።"

ነገረቻቸው። የእውነተኛው ዓሣ ነባሪ ድምፅ ከዚህ ባሕር እስከዚያ ባሕር ይሰማል አለች። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡ። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ።

ስለዚህ ነገር ከዛሬ ወዲያ አልናገርም። ለሽፈራውም፣ ለልጄም፣ ለዚህ ደብተርም። የሚጠይቀኝ ካለ ሐያትን ይጠይቅ።