ሲያምር የሱ፣ ሲነቀል የኔ

እትዬ፣ ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ የሠራሁትን የካምቢዮ እጀታ ከእማዬ ማዕድ ቤት መስኮት ደፍ አንስቶ ኪሱ የከተተ ጊዜ ነው። እኔ ጓሮ እጄን እየታጠብኩ ነበር። የሰማሽው ጣጣ ሁሉ ከዚያች ደቂቃ የወጣ ስለሆነ ከሷ ጀመርኩልሽ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? መንትዮቹ የወተት ጥርሳቸውን ነቅለው ጨረሱ ወይስ አሁንም ፎቶ ሲነሱ አፋቸውን ይሸፍናሉ? ባለቤትሽስ ያ አዲሱ ሥራ ተስማማው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለቴ ጤናዬን ነው። እማዬም ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏል።

በስልክ "ታላቅ ወንድምሽ ነው፣ ዝቅ ብለሽ ይቅርታ ጠይቂው" ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ እማዬ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ነው። አሁን ማንም የለምና ስሚኝ።

አብሬው በምሠራበት በጋሼ ጋራዥ መኪናዋን የምታሠራ አንዲት ባለመድኃኒት ቤት አለች። የጣቶቿ መጋጠሚያ ያብጣል። የመኪናዋ የካምቢዮ እጀታ ደግሞ ከሎሚ ታንሳለች፤ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ፊቷ ሲጨማደድ አይ ነበር። ጋሼን ብታማክረው "እንግዲህ ሌላ መኪና ይግዙ" ብሎ ሳቀባት። እኔ ግን ቤት ወስጄ በእጇ ልክ እንደምሠራላት ነገርኳት። እፍኝ ሊጥ አቡክቼ አስጨበጥኳትና የጣቶቿን ጉድጓድ ከሊጡ ላይ ለካሁ። እንጨቱን ያገኘሁት ከዚያ ከተሰበረው አልጋ እግር ነው። እማዬ የመጋዙን ድምፅ ሰምታ "ደግሞ አልጋዬን መኪና ላይ ልትጭኚው ነው?" አለችኝ።

አራት ቀን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሞረድ ሞረድኩት፤ በሻካራ ከዚያም በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። በመጨረሻ ሆዱን ሰርስሬ፣ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚጠመዘዘውን ዳዶ በማጣበቂያ ቀበርኩበት። ያ ማጣበቂያ ሙሉ ቀንና ሌሊት ካላገኘ ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ ማር ነው። ስለዚህ "እስከ ነገ ማታ እንዳይነካ" ብዬ በትልቁ ጽፌ ወረቀቱን አሰርኩበት። የአምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሌላው ቢቀር መጠበቅን አስተምሮኛል።

ጋሼ ወረቀቱን ጋራዡ በር ላይ በጥሶ ጣለው። ሴትዮዋ መጥታ ስለነበር ባዶ እጁን መታየት አልፈለገም። ራሱ ገጠመላት። እሷ እንደነገረችኝ፣ ጨብጣው "ውይ፣ እጄን እኮ አወቀው!" ስትል፣ ደረቱን ነፍቶ "የራሴ ፈጠራ ነው፤ እኛ ጋ ሥራ እንዲህ ነው" አላት። መርቃው ወጣች። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ልታወርድ ስትስበው እጀታው ተነቅሎ መዳፏ ውስጥ ቀረ። በድንጋጤ መሪውን ስትጠመዝዝ መኪናዋ ከአንድ ግቢ አጥር ጋር ተላትማ ቆመች። እሷን እግዜር አተረፋት፤ የተሰበረው መብራቱ ነው።

እኔ የደረስኩት መኪናዋ ተጎትታ፣ ሴትዮዋም ተከትላት ስትገባ ነው። ጋሼ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት በጣቱ ጠቆመኝና "ይቺ ናት በጨዋታ የሠራችው። ሴት ልጅ መሣሪያ ካስነኳት መጨረሻው ይሄ ነው" አላት። "ያሰርኩበት ወረቀትስ ጋሼ?" ስለው "የምን ወረቀት?" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። ሲበጥሰው ያየው ቀለም ቀቢ አንገቱን ደፋ። ኋላ በር ላይ ጠብቆኝ "የልጆቼ ጉሮሮ ነው እህቴ፣ አትፍረጂብኝ" አለኝ። አልፈረድኩበትም። ሴትዮዋም ሁሉን አስረድቻት "የቤተሰብ ነገር ነው፣ አልገባበትም" አለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ዳውላዋ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጋሼ ወረቀት አመጣልኝ። "ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው" ይላል። ከፈረምኩና ሠራተኞቹ ፊት ይቅርታ ከጠየቅኩ ወደ ጋራዡ እመለሳለሁ፤ ለዚያውም ስልክ ለማንሳት፣ መፍቻ ለመጨበጥ አይደለም። እዚህ ከተማ ውስጥ መፍቻ ያስጨበጠኝ ሌላ ጋራዥ እንደሌለ ያውቃል። ሁሉንም በር አንኳኩቼ "ፀሐፊ አንፈልግም" ተብዬ ስመለስ አይቶኛል፣ በዚያው ያዘኝ። እማዬ "ሆድ ይፍጀው፣ ፈርሚና ይለፍ" ትለኛለች። እትዬ፣ ሆዴ ስንቱን ይፍጅ? የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴን ለጎረቤት "ያስጠናኋት እኔ ነኝ" ሲል ፈጅቶታል። የጠገንኩትን ሞተር ለባለቤቱ "አየህ፣ ብልሽቱን ያገኘው የኔ ጆሮ ነው" ሲል ፈጅቶታል። የኔ ጥፋት አንድ ነው፦ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ሲገባኝ ወንድሜ ነው ብዬ መስኮት ላይ መተዌ።

አልፈረምኩም። መፍቻዎቼን ለቅሜ ወጣሁ። የአልጋው ሌላ እግር አለ፤ ለሴትዮዋ ሁለተኛ እጀታ ጀምሬያለሁ። ብትወስደው ትውሰድ፣ ባትወስደው እንዴት እንደሚሠራ እጄ ያውቃል።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መንትዮቹን አንድ አንድ ጉንጫቸውን ንከሽልኝ። እማዬ "ልጄን በዓይኔ አሳየኝ" እያለች ነው፤ ጋሼም ሰላም ብሎሻል፣ ሰላምታውን አልደብቅብሽም።

አንቺን ግን እንደ እናት ነው የማይሽ፣ ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ። ይቅርታ ጠይቂ ብለሽ ዳግመኛ እንዳትደውዪልኝ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ለሠራው ጥፋት ስሜን አልፈርምም፤ ታላቅነትም የእውነትን አፍ መዝጊያ ሲሆን፣ ካንቺ አፍ ቢመጣ እንኳ፣ አልቀበልም።

ታናሽሽ
ከእማዬ ቤት፣ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ
ኅዳር 11 ቀን