ገመድ ሳይሰካ የሚነቃው ማሽን

ጥቅምት 6
ተራ ቀን። ሥራ፣ ሻይ፣ ሥራ። የሟቹ ባልደረባዬ የጢሞ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከሞተ ወዲህ ድራይቨሩን፣ ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ኮድ፣ የወረስኩት እኔ ነኝ። ከፊቴ የነበረው፣ የምንሠራው የትንፋሽ ማሽን ስክሪን ቦግ አለ። ባትሪ አለው፣ ስክሪኑ የሚነቃው ግን ገመድ ሲሰካ ነው፤ ገመድ ደግሞ አልተሰካበትም። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ ቀጥ አለች።
"መጣ።"
"ማን?" አልኳት።
"የወንበሩ ባለቤት ነዋ።"
ሳቅኩ... ገመዱን ግን ደግሜ አየሁ።

ጥቅምት 7
ጥሪው የሚመጣው ከዩኤስቢ ቻርጅ ቺፑ ነው። ገመድ ሲሰካ ወይም ሲነቀል፣ በአንዲት መስመር ለከርነሉ፣ ለማሽኑ ዋና ፕሮግራም፣ "የያዝከውን ተውና ስማኝ" ይላል። ኢንተረፕት የምንለው። ማንም ሳይሰካ ታዲያ ማን ይጠራል?
አለቃችን ቸኩሏል። "ኢንተረፕቱን ዝጊውና እንገላገል። ማስረከቢያው ደርሷል።"
"ከተዘጋ ገመዱ ሲነቀልም አይሰማም። ማስጠንቀቂያው አይጮህም።"
"ማን ይነቅለዋል ደግሞ?"
እናቴ። ተኝታ ስትገላበጥ በክርኗ። የምትተነፍስበት አሮጌ ማሽን የሚቀየረው በዚሁ ነው... አልነገርኩትም። የቤትሽን ጉዳይ አመጣሽው እንዳይለኝ።

ጥቅምት 8
ተነስቼ ስሄድ ይጠፋል፣ ስመለስ ይነቃል። ለምን እኔን?
"አንቺን ወዶሻል" ትላለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ወንበሩን አትነካም፣ ዙሪያውን ብቻ ነው የምትወለውለው። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ "ኮዱ ውስጥ ቀርቶ ነው" ብላ ወሬውን ለበር ጠባቂው ሳይቀር አድርሳለች። ጢሞን አውቀው የለ... እንኳን ሰው ሊያስደነግጥ፣ ሲያስነጥስ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው።

ጥቅምት 9
አለቃችን መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ። ቦግ። ራቅ አለ። ጠፋ።
"እስቲ እጅህን አቅርበው" አልኩት።
ቦግ። ፊቱ አመድ መሰለ።
ገባኝ። የማሽኑ ቦርድ ሲታደስ የጥሪዋ መስመር ረግታ እንድትቆይ የሚይዛት ሬዚስተር የሚባል ቅንጣት ዕቃ ቀርቷል። የጢሞ ኮድ ለአሮጌው ቦርድ ልክ ነበር። አሁን መስመሯ የሚይዛት የለም። የሰው ገላ ሲጠጋት እንኳ ትርገበገባለች፤ ከርነሉም ገመድ የተሰካ ይመስለዋል። መንፈስ ያልነው እኛኑ ነው... ይኼ ደግሞ ባሰብኝ። ስንቀርበው የሚባንን ነገር።
ከርነሉ ውስጥ መስመሯ ፕሮሰሰሩ ላይ የምትገባበትን የፒን ማስተካከያ ለወጥኩ፤ ፕሮሰሰሩ በራሱ ሬዚስተር ይያዛት ብዬ። እጄን አቀረብኩ። ዝም። ገመድ ሰካሁ፣ ነቃ። ነቀልኩ፣ ጮኸ።
"አይዘጋም" አልኩት።
"አይዘጋ" አለ፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

ጥቅምት 27
አዲሱ ማሽን እናቴ አልጋ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። በር ላይ ቆሜ አየኋት። የማሽኑን ዝምታ አላመንኩትም። ቢሮ ሠራ ማለት እዚህ ይሠራል ማለት ነው? ገብቼ ገመዱን ነቀልኩት።
ጮኸ። ብድግ አለች።
"አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?"
"ልሞክረው ብዬ ነው፣ እማዬ።"
"በእኔ ላይ?"
ተቆጣችኝ። ስለ ገመዱ ጀመረች፣ ስለ ፀጉሬ ቀጠለች፣ እምቢ ስላልኩት ባል አነሳች፣ ጎረቤቶቹንም አልማረችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። አንድም ጊዜ ትንፋሽ አላጠራትም።