ወ/ሮ ሰብለወንጌል ወልደ ሚካኤል፤ ሳያረጋግጡ "ተዛውሯል" የማይሉ እናት

ወ/ሮ ሰብለወንጌል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሰንበት ገብረየሱስ በ1954 ዓ.ም. ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ እናታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅመም ይነግዱ ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው ታናናሾቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱትም የሚመልሱትም እሳቸው ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ኤልያቄም አንድ ቀን ከመንገድ ቀርቶ ኳስ ሲጫወት ተይዞ በእኅቱ እጅ የቀመሰውን ኩርኩም እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ትምህርታቸውን እዚያው ልደታ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ምኞት ነበራቸው፤ አልተሳካም። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም፤ የጽሕፈት ሥራ ሠልጥነው በ1975 ዓ.ም. በአካባቢያቸው በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሪከርድ ክፍል ገቡና ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የተማሪዎች ማህደር ኃላፊ ሆነው አገለገሉ።

በ1980 ዓ.ም. የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ በሱፍቃድ መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቤርሳቤህንና ዮፍታሔን አፈሩ። አቶ በሱፍቃድ ጨዋታ ወዳድና ልጆቻቸውን አንቀባርረው የሚያሳድጉ አባት ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ዮፍታሔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወ/ሮ ሰብለወንጌል ለልጆቻቸው እናትም አባትም ሆኑ።

የሪከርድ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ወረቀት ማስቀመጥ ይመስላል። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ልጆች ስንቶቹ ትምህርታቸውን ጨረሱ ተብሎ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ መልሱም ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ይላካል። በመሐል የጠፋ ልጅ "አቋርጧል" ከተባለ የትምህርት ቤቱ ውጤት ይወርዳል። "ተዛውሯል" ከተባለ ግን ከሒሳቡ ይወጣል፤ ጠያቂም የለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ መገላገል የፈለገ ሰው የጠፋውን ሁሉ ተዛውሯል ብሎ ያልፈዋል።

ወ/ሮ ሰብለወንጌል በዚህ ነገር ድርቅ ያሉ ነበሩ። "መልቀቂያ መውሰድ መውጣት ነው እንጂ መድረስ አይደለም" ይሉ ነበር። ልጁን የተቀበለው ትምህርት ቤት በማኅተም ካላረጋገጠላቸው ተዛውሯል ብለው አይጽፉም። የልደታ መንደሮች ለመልሶ ማልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲበተን፣ ማረጋገጫ የሚልክላቸው ትምህርት ቤት ጠፋ። እሳቸውም በዕረፍት ቀናቸው ታክሲ እየተሳፈሩ ጀሞና ሰሚት ድረስ ልጆቹን መፈለግ ጀመሩ። ማኑ የምትባለውን ተማሪያቸውን ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ አግኝተው፣ ቤተሰቦቿን ለምነው ወደ ትምህርቷ መልሰዋታል። ማኑ ዛሬ እዚህ ከመካከላችን አለች።

በታክሲ መንከራተቱ ባልበቃ ጊዜ ሌላ ልማድ ጀመሩ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ስም በእጃቸው ጽፈው በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። የልጆቹ ጓደኞች ያዩና "እሱ እኮ መርካቶ ዕቃ ይሸከማል"፣ "እሷ አክስቷ ጋ ክፍለ ሀገር ናት" እያሉ ይነግሯቸዋል። ብዙ ልጅ በዚህ መንገድ ተገኝቷል። መምህራኑ ግን ነገሩን አልወደዱትም። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተማሪ በማስጨረስ ሲሸለሙ የእነሱ መጨረሻ ይወጣል፤ በየግምገማው የሚወቀሱት እነሱ ናቸው። "የሰብለ ጣጣ" የሚለው አባባል የመጣው ከዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር አይፈረድባቸውም፤ ደክመው የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ።

በ2005 ዓ.ም. ዮፍታሔ እዚያው እናቱ ትምህርት ቤት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ይወጣል፤ የሚሄደው ግን ወደ ታክሲ ረዳትነቱ ነው። እናቱ ለወራት አላወቁም። የክፍል ኃላፊው መምህር "የወ/ሮ ሰብለ ልጅ ነው፤ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል" እያሉ፣ እሳቸውን ላለማሳፈር በስም መጥሪያው ላይ በየቀኑ አለ ብለው ምልክት ያደርጉለት ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ይሉኝታ ነው። የፈተና ወረቀቱ ሲታጣ ነገሩ ወጣ፤ ያን ጊዜ ግን ልጁ ልቡ ከትምህርት ርቆ ነበር። እናቱ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ቢያለቅሱበት "ማዘር፣ በቃኝ" ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም።

ርእሰ መምህሩ ሊያግዟቸው አሰቡ። "ወ/ሮ ሰብለ፣ ተዛውሯል ይበሉትና ይለፍ። አጎቱ ጋ ሄደ ቢባል ማን ይጠይቀናል?" አሏቸው። እሳቸውም "የሰው ልጅ ለጥፌ የራሴን ብደብቅ ነገ የማንን እናት ዓይን አያለሁ?" ብለው መለሱ። አቋርጧል ብለው መዘገቡት፤ ስሙንም ከሌሎቹ ጋር ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። ወሬው ታክሲ ተራ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አብረውት የሚሠሩት ልጆች "ጀለሴ፣ ማዘርህ ለጠፈችህ እኮ!" ብለው ሳቁበት። ዮፍታሔ ያን ዕለት ወደ ቤት አልገባም። ከዚያ በኋላም አልገባም።

ወ/ሮ ሰብለወንጌል በማግስቱ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ገነጠሉት፤ ዳግመኛም የማንንም ልጅ ስም አልለጠፉም። ቤርሳቤህ ተቀይማቸው ለረጅም ጊዜ ከእናቷ ጋር አልተነጋገረችም። እሳቸውም የሰው ልጅ ሲያስሱ በኖሩበት እግራቸው የራሳቸውን ልጅ ፍለጋ ወጡ፤ በየመናኸሪያው፣ በየታክሲ ተራው፣ አዳማ፣ ሐዋሳ። አንድ ጊዜ ሻሸመኔ ታየ ሲባል ሄደው ያገኙት የሚመስለውን ሌላ ልጅ ነበር። ምሳ ጋብዘውት ተመለሱ። ደቡብ አፍሪካ ገብቷል የሚል መጣ፤ በረሃ ላይ ቀርቷል የሚልም መጣ። ሁሉንም "በዓይንህ አይተሃል? ካላየህ አትበለኝ" እያሉ ይመልሱ ነበር። ዘመድ ቁርጣቸውን አውቀው ፍትሐት እንዲያስደርጉለት ሲመክራቸው ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው ወጡ።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ቤርሳቤህ እናቷን ይዛ ሳትሰለች እጥበት ስታመላልስ ቆየች፤ ቅያሜውም እዚያ መንገድ ላይ ቀለጠ። በሕመማቸው መጨረሻ ወ/ሮ ሰብለወንጌል ወንድማቸውን "ኤልያቄም፣ ልክ ነበርኩ?" ብለው ጠየቁት። እሱም "እትዬ፣ ለሰው ልጅ ልክ ነበርሽ" አላቸው። "እሱንማ አውቃለሁ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ድንኳኑ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ ለለቀስተኛው ጆሮ እንዲያምር፣ ዮፍታሔ "በደቡብ አፍሪካ የሚኖር" ተብሎ ይጻፍ አሉ። ስሙ ጭራሽ ይቅር ያሉም ነበሩ። ቤርሳቤህ ግን "የእናቴ አስከሬን ከቤት ሳይወጣ ውሸት አታስጽፉባት" ብላ አለቀሰች። ስለዚህ የሚነበበው እንደሚከተለው ነው። ወ/ሮ ሰብለወንጌል የሁለት ልጆች እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ቤርሳቤህ ከባለቤቷና ከልጆቿ ከትሕትናና ከወልደ ሚካኤል ጋር እዚህ ቆማለች። ልጃቸው ዮፍታሔ የት እንዳለ አናውቅም፤ በሕይወት መኖሩንም አናውቅም።

ካህናት አባቶቻችን ዛሬ በጸሎት ጊዜ የልጁን የክርስትና ስም፣ ኃይለ ሚካኤልን፣ ከሙታን ጋር ወይስ ከሕያዋን ጋር እንደሚጠሩት ጠይቀውናል። እናቱ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ጀምሮ፣ ቅዳሴ በሄዱ ቁጥር ከሕያዋን ጋር ሲያስጠሩት ኖረዋል። ምንም ማረጋገጫ አልነበራቸውም። በዘመናቸው ሁሉ ሳያረጋግጡ የተናገሩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እኛም አናርመውም። ከሕያዋን ጋር ይጠራልን። የእናቱን የወለተ ማርያምን ነፍስ ግን ቸሩ አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።