ልብ ሰቃዩ የውኃ ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በቅርቡ ቤትዎ ያነጠፉት ያ የሚያምር ምንጣፍ ደህና እንደሆናችሁ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

የልብ ወለድ አጻጻፍ ኮርስ ወስደው መመረቅዎን ከጥበቃችን ሰምተናል፤ እሱ እንደሆነ ወሬ አያድርበትም። ድሮ በሰሌዳው ላይ «ማክሰኞ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ውኃ የለም» ብለው ይለጥፉልን ነበር። ደረቅ ጽሑፍ ነበር፤ ግን ባልዲ እንሞላበት ነበር። አሁን ጥበብ ስለገባበት፣ ቅሬታዬን ከምስጋና ጋር በነዋሪዎች ግሩፕ ላይ አቀርባለሁ።

1. ባለፈው ሳምንት በምልሰት የቧንቧ ሠራተኛውን የልጅነት መከራ ሁለት ገጽ ሙሉ ተርከውልናል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ደረጃ ላይ ባገኘችው ቁጥር «አይዞህ ወንድሜ፣ ያልፋል» ትለዋለች፤ እሱም ምኑ እንደሚያልፍ ግራ ገብቶታል። ገጸ ባሕርይ አለ፣ ግጭት አለ፤ የጠፋችው መቼት ብቻ ናት፤ ማለትም ውኃው መቼና የት እንደሚቋረጥ።

2. ይህንኑ ብጠይቅዎ «ከነገርኩሽማ ልብ ሰቀላው ይበላሻል» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ልባችን ተሰቅሏል፤ ልብሳችን ነው ታጥቦ መሰቀል ያቃተው።

3. የዛሬ ጠዋቱ ማስታወቂያዎ «ቧንቧው አንድ ነገር ያውቅ ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ እዚያው ላይም ያበቃል። አማቴ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ፀጉራቸውን ሳሙና እንደተቀቡ ውኃው ሄደ። የምትመጣ ጠብታ እንዳታመልጣቸው የገንዳውን መውረጃ ደፍነው፣ ቧንቧውን ከፍተው ሁለት ሰዓት ጠበቁ። በመጨረሻ ራሳቸውን በሻሽ ጠቅልለው ወጡ። ሙሽራዋን ሲስሟት አረፋው ግንባሯ ላይ ቀርቷል፤ ፎቶውም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

4. «በመግቢያ የታየ ዕቃ በመደምደሚያ ሥራ ይሥራ» ብለው በደረጃው ላይ ስላስተማሩን ውለታዎ አለብን። በዚህች ደብዳቤም ሞክሬዋለሁ።

በጥበብ ከእግርዎ ሥር፣ በፎቅ ግን ልክ ከራስዎ በላይ የምኖር፣

አክባሪዎ ጎረቤት፤ ከሠርጉ አዳራሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነርሷ ውኃው ከአንድ ሰዓት በፊት እንደተመለሰ አሁን ጻፈችልኝ። አማቴ ደግሞ ቧንቧውን መዝጋታቸውን አያስታውሱም። ትርፍ ቁልፋችን ያለበትን ቦታ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን ልብ ሰቀላው ይበላሻል። ምንጣፉን ሰላም ይበሉልኝ።