ወደ ውስጥ የታጠፈው ፎቶ

ወለላ፣

የልጣጩን ከረጢት ከእንግዲህ በጋዜጣ እንዳትሠሪ። አልጋሽ ሥር የሲሚንቶ ወረቀት ትቼልሻለሁ። ታቹን ሁለቴ አጥፈሽ በዱቄት ሙጫ ለጥፊው፤ አለዚያ የድንች ልጣጭ ያረጥበውና መንገድ ላይ ይዘረገፋል። ሲሞላ ከነወረቀቱ እትዬ ብርቄ የጎመን መደብ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ክተቺው። አከራያችን ናቸውና ቢያንስ እሳቸውን አታስቀይሚ።

ትናንት ቀበሌ ጠርተው፣ «የጓድ ሊቀመንበር ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ የሽንኩርት ልጣጭ ማጠራቀሚያ አድርገሻል» አሉኝ።

ፎቶውን እኮ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነው የምናጥፈው። ከውጭ የሚታየው የኳስ ወሬ ነው። ይህን ከእኔና ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም። ግማሾቹንማ አንቺው ነሽ ያጠፍሻቸው፣ እየሳቅሽ።

ምነው ወለላ?

በቀደም ስለ እጮኛሽ የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ አፌን አዳልጦኝ ነው። ግን ሰው ለዚህ ቀበሌ ይሄዳል?

ዛሬ ከሰዓት ተመለሺ ብለውኛል። አልመለስም። ወደ እናቴ፣ ወደ እንፍራንዝ እንዳትልኪያቸው፤ እዚያ አልሄድም። የቀሩትን ጋዜጦች አቃጥዬአቸዋለሁ።

«አብሮሽ የሚያጥፍ ማን ነው?» ብለው ሲያፋጥጡኝ፣ «ብቻዬን ነኝ» አልኳቸው።

አባይነሽ